ፈረሱ ምን አጠፋ?

ሰሞኑን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የፓናል ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ርዕሱ ከጦርነት የተረፉ ሰዎች የሥነ ልቦና ድጋፍ ነው። አንዲት ወጣት ባለሙያ በፈረስ የታገዘ ቴራፒ እኛም አገር ቢሞከር አለች። ከመድረኩ አንድ ሰውዬ ማይኩን ተቀበለና «ፈረስ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆነው? ቅንጦት ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ሻይ ሰዓት ሆነ።

እኔን ግን አላሳቀኝም።

ፈረስ ሐኪም ነው ያለ ሰው የለም። የሥነ ልቦና ባለሙያና ፈረስ የሚያውቅ ሰው አብረው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ ግልቢያም የለበትም። ታካሚው ፈረሱን ይቀርባል፣ ይቦርሻል፣ ይዞት ይራመዳል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ይህች እንዴት ትጠፋዋለች?

ቅንጦት መባሉ ደግሞ ይብሳል። ጋሪ የሚጎትተው ማን ሆነና? ምኒልክን ፒያሳ ላይ ከነፈረሳቸው አቁመን፣ በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው እያልን፣ ዛሬ ፈረስ የፈረንጅ መጫወቻ ሆነብን!

እኔን ያሳመነኝ አንድ ነገር ነው። ፈረስ አይጠይቅም። ክፉ ላየ ሰው ከሁሉ የሚከብደው «እስኪ ንገረን» መባል ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብሎ መዋጥ ጨዋነት ነው። ፈረስ ከአውሬ ሲሸሽ የኖረ ፍጥረት ነው። ኮሽ ሲል ጆሮው ይዞራል፣ እግሩ ለሩጫ ይሰናዳል። በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ኑሮስ ከዚህ በምን ይለያል? ትንፋሽህ ሲያጥር፣ ትከሻህ ሲወጠር ፈረሱ ካንተ ቀድሞ ያውቅብሃል። ይርቅሃል። ስትረጋጋ ይመለሳል። ሰውን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ትሸኘዋለህ፤ ፈረስን አትሸውደውም።

የአክስቴ ልጅ ከግንባር ከተመለሰ በኋላ ምንም አያወራም ነበር። አንድ ዓመት የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሰዉ ሚካኤልን ሸኝቶ ሲበተን፣ ጃንሜዳ ዳር አንድ ፈረሰኛ ዳማ ፈረሱን ይዞ ቆሞ አገኘን። የአክስቴ ልጅ ጠጋ አለ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ሸሸት አለ። «ቀስ በል፣ እስኪ መጀመሪያ ተንፍስ» አለው ባለቤቱ። ተነፈሰ። ቆየት ብሎ ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አደረገለት። እጁን ጋማው ውስጥ ከትቶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። እጁ አይንቀጠቀጥም። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ስለ ጓደኛው አወራኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይህ ሕክምና አይባልም፤ አውቃለሁ። ጥናት ለሚፈልግ ግን አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 63 የቀድሞ ወታደሮችን በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንታት ከፈረስ ጋር አውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ውጤት፣ ክፉ ነገር ካዩ በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ሕመም (PTSD የሚሉት) ምልክቶች ቀንሰዋል። ፈረስ ሳይቀርብ የሚታይ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አልነበረውም። ታዲያ ይሄ በደንብ እንሞክረው ያሰኛል ወይስ እንሳቅበት?

ለፈረስ ቦታ ከየት ይመጣል ለሚል ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራን ጃንሜዳ አስገብተን ነበር። ለቲማቲም ቦታ ሲገኝ ማንም ቅንጦት አላለም።

ሰውዬው ለመጪው ጥምቀት ጃንሜዳ ብቅ ይበል። እኔም የአክስቴ ልጅም አለን። ዳማው ፊት ቆሞ ያንን ንግግሩን ይድገምልን። ማይክ ግን የለም።