ጥንቸል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም
«ጥንቸል ሁሉ ዝምተኛ ነው፤ ልጆች አቅፈው ሊያሳድጉት ይችላሉ» የሚለው፣ ስለ ጥንቸል አያያዝ እዚህ የወጣው ጽሑፍ አባባል ልክ አይደለም። እዚህ ደብረ ብርሃን ባለቤቶቻቸው የተዋቸውን ሁለት ጥንቸሎች ወስጄ እያሳደግኩ ነው፤ ጠባያቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ግራጫዋ ገና በር ስከፍት መጥታ እግሬን ትዞረኛለች። ነጩ ግን እጅ ሲዘረጋበት በኋላ እግሩ መሬቱን ድው አድርጎ ይመታና ጥግ ይይዛል። እሱን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው እንጂ ማሳደድ አያዋጣም። ጥንቸል በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ ከላይ መጥቶ ብድግ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ያስደነግጠዋል። የማይተዋወቁ ጥንቸሎችንም እባካችሁ በአንድ ቀን አንድ ቤት ውስጥ አታስገቡ፣ ክፉኛ ይናከሳሉ። መጀመሪያ በሽቦ ለይቶ ማለማመድ ያስፈልጋል። ለዚሁ ጽሑፍ በሰጡት አስተያየት «የደጋው ብርድ ይገድላቸዋል» ላሉት እህቴ፦ እርግጥ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለነው፣ የኅዳር ውርጭም ከባድ ነው። ግን ድርቆሽ የተጎዘጎዘበት፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ቤት ካላቸው ጤነኛ ጥንቸሎች ብርዱን ይችሉታል። ይበልጥ የሚጎዳቸው ሙቀት ነው። ምግባቸውም ጎመንና ካሮት ብቻ አይደለም። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግ ዋናው ቀለባቸው ድርቆሽ ነው፤ ሌት ተቀን ከፊታቸው መጥፋት የለበትም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሱ ደግሞ ነገ ይሻላቸዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷቸው።