ይድረስ ለክብርት «አንድ ወረቀት ብቻ ነው የቀረሽ»

ቁጥር፦ ገና አልተሰጠም
ቀን፦ ሲስተም ሲመለስ ይሞላል
ጉዳዩ፦ 300 ኪሎ በርበሬን ይመለከታል

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎን እንዴት ከርመዋል? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። በርበሬው ግን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ያስነጥሳል።

ስንተዋወቅ «እርስዎ» እልዎት ነበር። አሁን አራት ወር ሆነን። በነዚህ አራት ወራት እናቴ ቤት ከሄድኩት ይልቅ እርስዎ ደጅ የተሰለፍኩት ስለሚበልጥ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንቺ ልበልሽ። ስምሽም ረዘመብኝ። ወይዘሮ ቀረሽ እልሻለሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስሽ፣ ደንበኛሽ ብዙ ነውና። ቅመም አዘጋጅታ የምትሸጠዋ ነኝ። ሦስት ሠራተኛ፣ አንድ ወፍጮ፣ አንዴ እየሠራ አንዴ የሚያኮርፍ ማሸጊያ ማሽን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ ያላት የአክስቴ ልጅ ደውላ «ያንቺን በርበሬ ላኪልኝ እንጂ» አለች። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የመላኪያ ወረቀት ላስጨርስ የሄድኩ የመጀመሪያ ቀን አንዱ መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ንግድ ፈቃዴን፣ ቲን ቁጥሬን፣ ውሌን፣ ኢንቮይሴን አገላበጠና ፈገግ ብሎ «ጨርሰሻል፣ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የቀረሽ» አለኝ። በደስታ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ። አንድ ብቻ! እሷን ይዤ በሳምንቱ ስመለስ ሌላ ሰው ተቀምጧል። እሱም አገላበጠ። እሱም ፈገግ አለ። ያኔ ነው ያወቅሁሽ። ዘጠኝ ጊዜ ተገናኝተናል፣ ዘጠኙንም ጊዜ አንድ ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ ሁለት ሆነሽ አልመጣሽም።

አንዴ ብልጥ ልሁን ብዬ «እባክዎ የሚያስፈልገውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይንገሩኝና ልጻፈው» አልኩ። ሰውዬው የደሞዙን መጠን የጠየቅሁት ነው የመሰለው። «እሱማ እንደ ሁኔታው ነው» አለኝ።

በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት የሚባለው ሥራ ሲጀምር ሞትሽ የተባለ ጊዜ ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤት በአንድ መስኮት፣ ቤትሽ ተቀምጠሽ። መስኮቱን አልወቅስም፣ ወረቀቴን ጭኜበታለሁ፣ ይሠራል። ከጫንኩ በኋላ ግን ደውለው «ኦሪጅናሉን ይዘሽ ብቅ በይ» የሚሉኝ አሉ። ነጠላዬን አጣፍቼ ብቅ እላለሁ።

ደግሞ ሰው እንደሚያማሽ በደፈናው አላማሽም። አንዳንዷ ወረቀት እውነት አላት። የላብራቶሪዋን ውሰጂ። ፍራንክፈርት ያለ ሌላ ደንበኛ የአፍላቶክሲን ውጤት አምጪ ሲለኝ ተናድጄ ነበር፤ እኛ ስንት ዘመን በልተነው ምን ሆንን ብዬ። ከዚያ አነበብኩ። ሻጋታ የሚተወው መርዝ ነው፣ የጉበት ካንሰር ያመጣል፣ ቆልተሽም ፈጭተሽም በቀላሉ አይጠፋም። አውሮፓ ኅብረት ለበርበሬና መሰል ቅመሞች ያስቀመጠው ጣሪያ፣ ቢ1 ለሚባለው በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ለጠቅላላው 10 ነው። ስንት ማለት እንደሆነ ሂሳብ ሠራሁ፦ 10 ሺህ ኩንታል በርበሬ ውስጥ 5 ግራም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። አሜሪካኖቹ ትንሽ ላላ ብለው ጠቅላላውን 20 ላይ ያቆሙታል።

የኔ የመጀመሪያ ናሙና ወደቀ። አዎ፣ ወደቀ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፣ የኔ ነበር፤ ዛላውን ከገበያ ነው የገዛሁት። ዛላ እንዲደርቅ መሬት ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ደግሞ እንዳይሰባበር፣ በዚያውም ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ እፍ የሚልበት ነጋዴ አለ፤ ያ እርጥብ ዛላ ጆንያ ውስጥ ታጭቆ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ሻጋታው ሠርግ ይደግሳል። አሁን ከማረቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሽቦ ላይ የደረቀውን ነው የማመጣው፤ ዋጋው ይቆነጥጣል። ጆንያ ሳልገዛ በፊት እጄን እስከ ክርኔ አስገባለሁ። ናሙናም ከአንዱ ጆንያ አናት ላይ ዘግኜ አልሄድም፣ ከሁሉም ጆንያ ከላይም ከታችም ነው የማወጣው።

አየሽ? ይሄን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ የወደቀውን በርበሬ አልገዛም ነበር። አንቺ ግን ሰባተኛ ሆነሽ መጣሽ። በርበሬው ተፈጭቶ፣ ታሽጎ፣ ስቲከር ተለጥፎበት።

የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት የምትባለውን እህትሽንም ከሷ ጋር አምታትቼ ነበር። ያቺ ተባይና የዕፅዋት በሽታ የለበትም ነው የምትለው። ይበላል አይበላም ጉዳይዋ አይደለም።

ካንቺ ጋር በደንብ የተዋደድነው ግን በታሪፍ ቁጥር ሰበብ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ሁሉ ኤችኤስ ኮድ የሚባል ቁጥር አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በየአገሩ አንድ ናቸው። የተፈጨ በርበሬ 0904.22 ነው። እሰይ። ግን የኛ በርበሬ በርበሬ ብቻ ነው እንዴ? ኮረሪማው 0908 ጋ ነው። ዝንጅብሉ 0910 ነው። የደረቀው ነጭ ሽንኩርት አትክልት ተብሎ 0712 ገብቷል። ጨው 2501 ነው፣ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ጋር አንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው ያስቀመጡት። የተለያየ ርዕስ ውስጥ ያሉ ቅመሞች ሲደባለቁ 0910.91 ይሆናሉ። ቅመም ያልሆነው ነገር በዝቶ ጠባዩን ከለወጠው ደግሞ 2103 ሄዶ ከሶስና ከሰናፍጭ ጋር ይሰለፋል።

«ጨው አለበት?» አለኝ አንዱ ባለሙያ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

እናቴ በዕድሜዋ በርበሬ ላይ ጨው በግራም ለክታ አታውቅም። በመዳፏ ነው። መዳፏን አምጥቼ ላስመዝን? ቤት ሄጄ፣ እማዬን ሚዛን አጠገብ አስቀምጬ «በይ እንደ ልማድሽ አድርጊ» አልኳትና እያንዳንዱን ስትጨምር መዘንኩ። ተቆጣች። ይሄ መመዘን ባልትና ነው ወይስ ወርቅ ቤት አለች። ግን ያቺ ወረቀት ኋላ ሁለት ጊዜ ጠቀመችኝ፣ ምክንያቱም አሜሪካ የሚሸጥ ምግብ ሌብል ላይ የገባበት ሁሉ ከክብደቱ ብዛት አንጻር ከትልቁ ወደ ትንሹ መደርደር አለበት።

ወዳጆችሽንም አውቃቸዋለሁ። አንዱ ካፌ አስቀምጦኝ «የኤፍዲኤ ሰርተፊኬት ነው የቀረሽ፣ በ400 ዶላር አወጣልሻለሁ» አለ። ናሙናውን አሳየኝ፤ ንስር አለበት፣ ወርቃማ ማህተም አለበት፣ ከሠርግ ጥሪ ወረቀት ይበልጥ ያምራል። ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ የምግብ ማምረቻን የሚመዘግበው በነፃ ነው። ለምዝገባው ሰርተፊኬት የሚባል ነገር ጭራሽ አይሰጥም። የሚጠይቀው አሜሪካ የሚኖር ወኪል እንዲኖርሽ ነው፣ ምዝገባውንም በፈረንጆች ለሁለት በሚካፈል ዓመት ሁሉ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ታድሺዋለሽ፣ ካላደስሽ ይሰረዛል። ዕቃው ሳይደርስ ደግሞ ቅድመ ማስታወቂያ ይገባል፣ በአውሮፕላን ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ በመርከብ 8 ሰዓት ቀድሞ። ወኪሌ የአክስቴ ልጅ ናት። ክፍያዋ ሁለት ኪሎ ሚጥሚጣ ነው።

ሌላው አማካሪ ደግሞ «የአጎዋን ወረቀት ሳትይዢማ እንዳትሄጂ» አለኝ። አጎዋ ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው ዕድል ነው፤ ኢትዮጵያ ከሱ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነው። ወይዘሮ ቀረሽ፣ ሙታንን ጭምር ታስጠሪያለሽ ማለት ነው?

ባንክ የነበረውን ልተርክልሽ። የኤክስፖርት ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ።

«ክፍያው በምን ዘዴ ነው?» አለ ልጁ።

«የአክስቴ ልጅ ናት።»

«የአክስት ልጅ የክፍያ ዘዴ አይደለም።»

ልጁ ልክ ነው። ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ የገዢው ባንክ እከፍላለሁ ብሎ ቃል የሚገባበት ኤልሲ አለ፣ ሰነዱ ሲቀርብ የሚከፈል ካድ የሚሉት አለ። የኔዋ ግን «ሲሸጥ እልክልሻለሁ» ነው ያለችኝ። ዕቃው ከተላከ በኋላ ገንዘቡ በተወሰነ ቀን ውስጥ መግባት አለበት፣ እሷ ደግሞ በ2011 ለልደት ስጦታ ያበደርኳትን ብር እስካሁን አልመለሰችልኝም። ተጣልተን፣ ተላቅሰን፣ ሙሉውን ቅድሚያ እንድትከፍል ተስማማን። ባንኩም አንድ ደስ የሚል ነገር ነገረኝ፣ በሐምሌ 2016 የወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ላኪ ካስገባው ግማሹን በራሱ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ እንዲይዝ ፈቅዷል። ማሸጊያ ላስመጣበት ነው።

በትንንሽ እሽግ ልላከው ብዬ አስቤም ነበር። ከ800 ዶላር በታች የሆነ እሽግ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ግን እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2025 ተዘጋ። ቢከፈትም የኤፍዲኤ ማስታወቂያው አይቀርም፣ ለንግድ ነውና።

ከሁሉ ያናደደኝ ፓሌቱ፣ ዕቃው የሚደረደርበት የጣውላ መደብ ነው። የእንጨት ፓሌት ድንበር ለመሻገር ከተባይ መታከም አለበት፣ የኔው እምብርቱ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ታክሟል፣ ከዚያ የስንዴ ዛላ የመሰለ ምልክት ይመታበታል። ስድስት ጣውላ! ከኔ በፊት ወረቀቱን ጨርሶ፣ ማህተሙን ደረቱ ላይ አስመትቶ፣ መጋዘን ውስጥ ይንቀባረራል። ለ300 ኪሎ ካርቶን ብቻውን ይበቃኝ ነበር፣ ካርቶን ምልክት አይጠየቅም። ይሄንንም ከገዛሁት በኋላ ነው የሰማሁት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አክስቴ ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። ሁለት ሻንጣ፣ 23፣ 23 ኪሎ። አሥር ኪሎ በርበሬ በሌሊት ልብስ ጠቅልላ። ደርሳ «ገባሁ፣ ዶሮው ተሠርቷል» ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ለቤት የሚበላ ነው፣ ሱቅ አይገባም፣ ኢንቮይስ የለው፣ ሌብል የለው። አውቃለሁ። ግን ፎቶዋን ያየሁት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ታክቶኝ ወረፋውን ትቼ ቤት ገባሁ፣ ደብተር አወጣሁና ከኋላ ጀመርኩ። በርበሬው ሲልቨር ስፕሪንግ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ብዬ። እዚያ ለመቀመጥ ሌብል ያስፈልገዋል። ለሌብሉ የተመዘነ ባልትና። ከአውሮፕላን ለመውረድ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ለሱ የኤፍዲኤ ቁጥር። ከቦሌ ለመነሳት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ ለዲክላራሲዮኑ የባንክ ፈቃድና የታሪፍ ቁጥር፣ ለባንኩ ውልና የክፍያ ዘዴ። እንዲህ እያልኩ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄጄ ማረቆ፣ ሽቦው ላይ ያለው ዛላ ጋ ደረስኩ። ጉምሩክ ለሚያስጨርስልኝ ትራንዚተር አሳየሁት። 20 ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ መነጽሩን አውልቆ «ይሄን ማን ሰጠሽ?» አለኝ።

ፎቶ አንስቶ ወሰደው። ለሌሎች ደንበኞቹም ሊሰጥ ነው አሉ። ቅር እንዳይልሽ።

ከሰላምታ ጋር
ላኪ ለመሆን የምትጠባበቅ

ግልባጭ፦
ለፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ፣ በኔ ገንዘብ ሁለተኛ ማሽን ለገዛው
ለእማዬ መዳፍ
ለአክስቴ ሻንጣ
ለፓሌቱ፣ እንኳን ደስ አለህ

አባሪ፦ 14 ገጽ። አሁን ስቆጥረው 13 ነው። አንዷ ፎቶኮፒ ቤት ቀርታለች፣ ነገ ይዤ እመጣለሁ።