ድግሱ የእኛ ነው፣ ማግስቱስ?

የድሬ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከሰፈራችሁ ሰው የመጣ ቁጣ ነውና ሳትቀየሙ ስሙኝ።

በመደገስ የሚያማን የለም። ሰርግ ሲሆን መንገዱን ዘግተን ድንኳን እንጥላለን። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ለቁልቢ ገብርኤል ከየአገሩ የሚመጣውን እንግዳ አብልተን፣ አጠጥተን፣ አሳድረን ነው የምንሸኘው። ኢድ ሲሆን የጎረቤት ሳህን ሃይማኖት ሳይለይ ከበር በር ይዞራል። ከድሬ ድንኳን ተርቦ የወጣ ሰው አላውቅም። በዚህ እኮራለሁ። የማልኮራው በማግስቱ ነው።

ማግስቱን ማየት የፈለገ ሰው ፀሐይ ሳይበረታ ድግስ ወደነበረበት ሰፈር ይሂድ። ቄጠማው ከሶፍትና ከፕላስቲክ ሹካ ጋር ተረጋግጦ አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል። በየወንበሩ ሥር ሃይላንድ ቆሟል፤ ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው የተጠጣለት። ጥግ ላይ እንጀራና ወጥ የታጨቀበት ፌስታል ተከምሯል፤ ከቋጠሮው ሥር ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል። አንዲት ፍየል መጥታ አንዱን ትጎትታለች። ምግቡን መርጣ ፌስታሉን መተው አትችልም፤ አንድ ላይ አኝካ ትውጠዋለች። ያቺ ፍየል የሰው ሀብት ናት። ፍየል አርዶ የሚያውቅ ሰው ከሆድ ዕቃዋ ተድቦልቡሎ የሚወጣውን ፌስታል አይቶታል። አንዳንዷ ለመታረድም አትደርስ፣ ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች። ከፍየሏ በኋላ ሻሿን አፏ ላይ ያሰረች የጽዳት ሠራተኛ ትመጣለች። እኛ በአንድ ሌሊት የቀላቀልነውን እሷ ጎንበስ ብላ በመጥረጊያ ትሰበስባለች።

አቦ፣ ይሄ ደግ ነው?

የተጠረገው ሁሉ ደግሞ ገንዳ አይደርስም። ድንኳኑ ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ ከሆነ አሸዋው ላይ ይገለበጣል። «ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል» ይባላል። ወዴት ነው የሚወስደው? ከታች ያለውም ሰፈር ድሬ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ወንዝ መሆኑን እንረሳዋለን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ግን በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። ያን ጎርፍ ቆሻሻ አላመጣውም፤ ከላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ነው ያመጣው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጎርፍ እንደዚያ አድርጎ የቀጣው ሕዝብ የውሃ መውረጃውን በገዛ እጁ በሃይላንድና በፌስታል ይደፍናል?

ትንኟንም አትርሷት። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ ገባብን። በ2011 ማብቂያ ቺኩንጉንያ መጥቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ አቃሰተ። እነዚህን በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። የተጣለ ኩባያ፣ የተቆረጠ ሃይላንድ፣ አሮጌ ጎማ ይበቃታል፤ ትንሽ ውሃ ይቁምበት እንጂ። በእኛ ሙቀት ከዕንቁላል ተነስታ እስክትበር ከሳምንት ብዙም አያልፋት። በ2014 ከተማችን ውስጥ የተነሣውን ወባም ያሠራጨችው ዓይነት ከመኖሪያ አጠገብ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ናት። እንግዲህ ከድግስ በኋላ አጥር ሥር የተረሳውን ኩባያ ሁሉ አስቡት።

ነገሩ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሰው በልቶ ሲጨርስ እጁ ላይ የቀረውን የት ያደርገዋል? እንጀራው ለብቻው ቢጣል ኮምፖስት ይሆናል። ሃይላንዱ ለብቻው ቢጣል ለቅመው በኪሎ ለሚሸጡት ልጆች የዕለት ጉርሳቸው ነው። አንድ ፌስታል ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለቱም ከንቱ ይሆናሉ። ወጥ የተለቀለቀ ሃይላንድ ማንም ደስ ብሎት አይገዛም። ፌስታል የተቀላቀለበትን ኮምፖስትም ማሳዬ ላይ በትኑልኝ የሚል ገበሬ የለም። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ የሚለየው ሰው አይገኝም፤ ቢገኝም ያው ድሃው ነው፣ በባዶ እጁ።

ስለዚህ ድግስ ያለበት ሰው ሦስት በርሜል ያዘጋጅ። አንዱ ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለሃይላንድና ለጣሳ፣ አንዱ ለቀረው። የሚቀመጡት ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ይሁን፤ እዚያ የማይደርስ እንግዳ የለም። ጽሑፍ ለጥፎ መሄድ አይበቃም፣ በድግስ መሐል ማን ያነባል? አንደበቱ የሚጣፍጥ አንድ የሰፈር ልጅ አጠገቡ ይቁም። «እናቴ፣ እንጀራው እዚህ፣ ሃይላንዱ እዚያ» ይበል። ግማሽ የተጠጣውን ውሃ ደግሞ ጥሩ አድርጎ ዛፍ ሥር ያፍስሰው። በድሬ ውሃ ይደፋል እንዴ?

«ማዘጋጃ ቤቱ ምን ይሠራል?» የምትሉ አላችሁ። ጥያቄው ልክ ነው። ገንዳው በጊዜው ይነሣ ብለን ደጋግመን መጠየቅ አለብን፣ እኔም እጠይቃለሁ። ወጡን ከፌስታል ጋር የቀላቀለው ግን ማዘጋጃ ቤት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅም ወጥቷል። አዋጁ ድንኳናችን ድረስ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን?

ከመለየቱ በፊት ደግሞ መቀነሱ አለ፤ እዚህ ላይ ነው ይበልጥ የምናደደው። የእድራችሁን እቃ ቤት ክፈቱና እዩ። ሳህኑ፣ ብርጭቆው፣ ጆጉ፣ ድስቱ ተደርድሮ አቧራ ጠጥቷል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ሳንቲም አዋጥተው የገዙት ነው። ከዚህ ድንኳን ወደዚያ ድንኳን ሲዞር፣ ሲታጠብ፣ ሲቆጠር ኖሯል። አሁን «ማን ያጥባል» ተባለና ካርቶን ሙሉ የሚጣል ሳህን መግዛት ዘመናዊነት ሆነ። ለሚጣለው ሳህን የምታወጡትን ብር ለሚያጥቡት ሴቶች ክፈሏቸው። ገንዘቡ ሰፈር ውስጥ ይቀራል፣ ሳህኑም ለሚቀጥለው ሰርግ ይቆያል።

የድሬ ሙቀት ውሃ እንደሚያስጠይቅ አላጣሁትም። ቢሆንም ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ሃይላንድ መስጠት ግዴታ አይደለም። ቧንቧ ያለው ሮቶ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ በረዶ ጨምሩበት፣ ብርጭቆ ደርድሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ያገኘ እንግዳ ማሸጊያው አይታወሰውም።

ምግቡም እንደዚሁ። «አነሰባቸው» እንዳንባል ብለን ለሚመጣው ሰው የሚያስፈልገውን አልፈን እናሠራለን። ይሉኝታችን ነው ገንዳ ውስጥ የሚገባው። ሳይነካ የተረፈው ደግሞ እዚህ ሙቀት ውስጥ አያድርም። ለቸገረው የሚሰጥ ከሆነ በዚያው ምሽት ይሰጥ። ሌሊቱን አሳድሮ የኮመጠጠ ወጥ ለነዳያን መላክ ነውር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ትራፊ ለኮምፖስት ነው። እንደ እኛ ባለ ደረቅ አገር ከክምር ይልቅ ጉድጓድ ይሻላል፤ እርጥበቱን ይይዛል። ጥልቀቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ገደማ ይሁን። ከሥር ደረቅ ነገር ይግባ፦ የደረቀ ቅጠል፣ ቄጠማ፣ የተቀዳደደ ካርቶን። ከላዩ እንጀራው፣ የአትክልቱ ልጣጭ፣ የቡናው አተላ። ደግሞ ደረቅ፣ ደግሞ እርጥብ። ደረቁ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት እጥፍ ይብለጥ፣ በተለይ ወጥ ያለበት ሲሆን፤ ጨውና ዘይት ሲበዛ መበስበሱን ያጓትተዋል። ጥቂት አፈር ነስንሱበት፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በጆንያ ሸፍኑት። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደተሰጣ ልብስ ይሁን፤ እፍኝ ዘግናችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ በቂ ነው። በትክክል ከተሠራ በጥቂት ቀን ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል። ያ ሙቀት የአረሙን ዘርና የዝንቡን ዕጭ ይገድለዋል። በየሳምንቱ በአካፋ አገላብጡት። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል ወይም አየር አጥቷል፤ ደረቅ ጨምራችሁ አገላብጡ። በሦስት ወር ገደማ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የአፈር ሽታ ያለው ነገር ታገኛላችሁ። ለማንጎውም ለዘይቱናውም ይሆናል፣ የከዚራ ሰፈርን ዛፎች የሚተካ ችግኝም ይተከልበታል።

ሥጋና አጥንት አታግቡበት፣ ውሻና ጅብ ይጠራል። የጎረቤታችን የሐረር ሰው አጥንቱን ለጅብ መተው ያውቅበታል፤ የጀጎል ግንብ ሳይቀር የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለው። ጅብ ግን አጥንት እንጂ ፌስታል አይፈጭም።

የጫቱን ትራፊ፣ ገረባውንም አልረሳሁም። ከሰዓት በኋላ ድሬ የት እንደምትቀመጥ እናውቃለን። የየቀኑ ገረባ ተሰብስቦ የፍየል ምግብ የሚሆነው ሆኖ የቀረው መንገድ ዳር ይከመራል፣ ሲደርቅም ይቃጠላል፣ ጭሱን እኛው እንስበዋለን። ቅጠሉ ለጉድጓዱ ጥሩ ነው፣ እንጨቱም በመጥረቢያ ተከታትፎ ይገባል። ከተቋጠረበት ፌስታል ብቻ አውጡት።

የጥር ሰርግ ያላችሁ፣ ካሁኑ ለእድራችሁ ዳኛ ንገሩት። የድንኳኑ ቦታ ሲመረጥ የጉድጓዱም ቦታ አብሮ ይመረጥ። ግቢ የጠበበበት ሰፈር የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ፣ የመስጂዱን ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር አንድ ጥግ ይለምን። በርሜል ያነሰው ከሚቀጥለው እድር ይዋስ፣ በማግስቱም አጥቦ ይመልስ።