ደረሰኝ መቁጠር ዝግጁነት አይደለም

በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ የአሜሪካ ስቴቶች ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኙትን የአገር ውስጥ ደኅንነት ገንዘብ (ለሽብርና ለአደጋ መዘጋጃ የሚሰጥ ድጎማ) እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ማንሳቱ ጥሩ ነው፤ ዋናውን ነገር ግን በጨረፍታ አለፈው። ሕጉ ስቴቱ ቢያንስ 80 በመቶውን በ45 ቀን ውስጥ ለከተሞችና ለካውንቲዎች (በስቴቱ ሥር ላሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) እንዲያስተላልፍ ያዛል። እሺ፣ ገንዘቡ ቢሮ ውስጥ አይታሰርም። ከዚያ በኋላስ? ሬዲዮው ተገዝቷል፣ ደረሰኙም አለ፤ ግን ፖሊሱና የእሳት አደጋ ሠራተኛው አደጋ በደረሰ ሰዓት በአንድ መስመር ይነጋገሩበታል ወይ ብሎ በተግባር የሚፈትሽ ማነው? እ.ኤ.አ. በ2001 ኒውዮርክ በአሸባሪዎች ስትጠቃ የሬዲዮ ግንኙነት ችግር የሰው ሕይወት አስከፍሏል። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ ድጎማው መሰጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር፣ መገናኛው ግን እንደገና ተቋረጠ። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። የአደጋ ማስጠንቀቂያው እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ ይደርሳል ወይ? የዲሲ መንግሥት ብዙ ቅጾችን በአማርኛ ያዘጋጃል፤ የአደጋ ጊዜ መልእክት ከቅጽ ማነስ የለበትም። እባካችሁ የመረጣችኋቸውን ተወካዮች ጠይቁ፦ ባለፈው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ምን ጉድለት ተገኘ፣ ማን አስተካከለው፣ ለማስተካከያውስ ስንት ተመደበ?