በግሪን ሃውሱ በር ላይ ያለው ሰዓት የማን ነው?

ዝዋይ አካባቢ በአንድ የጽጌረዳ እርሻ የርጭት ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቀይ ሸረሪት የምንለውን፣ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ለማጥፋት ረጨን። የኬሚካሉ ሌብል (ዕቃው ላይ የተለጠፈው መመሪያ) ለ24 ሰዓት ማንም እንዳይገባ ያዛል። ከውጭ አገር የመጣው አግሮኖሚስታችን፣ ማለትም የሰብል ባለሙያችን፣ በሩ ላይ ባለችው ሰሌዳ «መግቢያ 4:00» ብሎ ጻፈ። የጻፈው በራሱ አገር አቆጣጠር ነው፤ በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለቱ ነበር። አበባ ቆራጮቹ ግን ሰሌዳውን ያነበቡት ሁላችንም በምናነብበት ሰዓት ነው። በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ሲል መቀስና ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ፤ ስድስት ሰዓት ቀድመው ማለት ነው። ሮጬ ደርሼ ሳስወጣቸው ከመካከላቸው ሁለቱ ዓይናቸውን ያሻሉ። አንዷ «ሰሌዳው ግቡ ይላል እኮ» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

የሚያስቆጨው መረጃው ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ የእያንዳንዱ ኬሚካል የደህንነት ሰነድ በወፍራም ፋይል ተጠርዞ ተቀምጧል፤ በእንግሊዝኛ፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ በቁልፍ። አግሮኖሚስቱም ስልኩ ላይ ጥሩ ጥሩ መሣሪያዎች አሉት። ኢራክ (IRAC) የተባለው፣ ተባዮች ኬሚካል እንዳይለምዱ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ፀረ-ነፍሳቱን በአሠራራቸው በቁጥር መድቦ ያወጣው ዝርዝር በስልክ ይገኛል። ተባይ የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትን የሚሸጠው የኮፐርት ኩባንያ ደግሞ የትኛው ኬሚካል ጠቃሚ ነፍሳትን ለስንት ጊዜ እንደሚጎዳ የሚያሳይ መፈለጊያ አለው። እነዚህን አላናንቅም፤ ብዙ ስህተት አድነውኛል። አባሜክቲን የተባለውን የሸረሪት ኬሚካል ረጭቶ በሚቀጥለው ዙር ሚልቤሜክቲን የተባለውን የሚረጭ ሰው ኬሚካል የቀየረ ይመስለዋል፤ ሁለቱም ግን በኢራክ ዝርዝር የቡድን 6 ናቸው፣ ሸረሪቱን የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ ማየት የሚችል ሰው ሸረሪቱ መድኃኒቱን ከመልመዱ በፊት ያቆማል።

ግን እነዚህ ሁሉ የሚያገለግሉት ማን ምን እንደሚረጭ የሚወስነውን ሰው ነው። ረጪው ጓንት አድርጎ ስልክ አይነካም። ቆራጯ ስልኳን ገና ስትገባ አስረክባለች። ዓይኗ የተቃጠለባትን ሠራተኛ የምትቀበለው የክሊኒክ ነርስ ደግሞ የንግድ ስሙን ብትነግሯት ምንም አይገባትም፤ የምትፈልገው በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ነው። ለእነዚህ ሦስቱ ፈጣን መረጃ ማለት በር ላይ የተሰቀለ፣ ውኃ የማያበላሸው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ያ ወረቀት ለእኔ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። የመግቢያው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ከነቀኑ ስም፦ «ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት»። የንጥረ ነገሩ ስም ከንግድ ስሙ በላይ ጎላ ብሎ። ጓንት፣ ጭምብልና መነጽር በሥዕል። ዓይን ውስጥ ቢገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቢዋጥ በግድ አለማስመለስ፣ ሌብሉን ይዞ ወደ ክሊኒክ መሮጥ። በሌብሎች ላይ የሚታየው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመርም ይጨመር፤ ነገር ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። አረንጓዴ ሲያዩ «ይህ እንኳን አይጎዳም» ብለው ያለ ጓንት የቀዱ ረጪዎች አይቻለሁ። ቀለሙ የሚናገረው ወዲያው የመመረዝን አደጋ ብቻ ነው፤ ለዓመታት በትንሽ በትንሹ መነካካት ስለሚያመጣው ጉዳት ምንም አይልም።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ዝዋይ ኦሮምኛ የሚነገርበት አገር ነው፤ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሀዲያ መጥተው የሚሠሩት ወጣቶችም ጥቂት አይደሉም። አማርኛው ብቻውን አይበቃም። ሌላም ነገር አለ፦ ሁላችንም ኬሚካሉን «መድኃኒት» እንለዋለን። ከፍ ብዬ እኔም ብየዋለሁ። በወረቀቱ ላይ ግን መርዝ ይባል።

ሥራ አስኪያጆች «ሥልጠና እንሰጣለን፣ ኦዲቱንም አልፈናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ አልፈዋል። ኦዲተሩ የሚጠይቀው ፋይሉ መኖሩን ነው። ከግሪን ሃውሱ አንዲት ቆራጭ ጠርቶ «ዛሬ ይህ ቤት መቼ ይከፈታል? በምን ታውቂያለሽ?» ቢላት ሌላ ውጤት ያገኛል። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚል ደረጃ ያለው የአሠራር ደንብ አለው። ይህች ጥያቄ በነሐሱ ደረጃ፣ ማለትም ከመጀመሪያው፣ ብትገባ ለአንድም እርሻ ከባድ ወጪ አይደለችም። ወረቀቱንም እያንዳንዱ እርሻ ለብቻው ከሚደክም፣ ማኅበሩ በመንግሥት የተመዘገቡትን ኬሚካሎች ይዞ አንድ ናሙና ቢያዘጋጅ፣ እርሻዎቹ ቀንና ሰዓቱን ብቻ ይሞላሉ።

እኔ በዚያ ሳምንት ሰሌዳዎቹን ሁሉ አውርጄ «ጠዋት»፣ «ከቀኑ» እና «ማታ» የሚሉትን ቃላት በቀለም ጻፍኩባቸው። አግሮኖሚስቱ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ግን ሰዓት ከመጻፉ በፊት እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር።