ከ90ው ቀን በኋላ

ሕፃን ልጃቸውን ለሞግዚት ትተው ወደ ሥራ ስለተመለሱበት ቀን እናቶች ያወጉትን ያነበብኩት የራሴን የመጀመሪያ ልጅ እያስታወስኩ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሐኪሞች ግን ሕፃኑ እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራሉ፤ የብዙዎቻችን ጭንቀት የሚጀምረውም በዚህ ክፍተት ነው።

እኔን የረዳኝ ፈቃዴ ከማለቁ 2 ሳምንት ቀደም ብዬ ወተቴን ማለብ መለማመዴና ልጄን የምትይዘው ልጅ አጠገቤ ሆና በኩባያና በማንኪያ እንድታጠጣው ማድረጌ ነበር። የታለበ ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ከማቀዝቀዣ ውጪ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ እህቶቼ የዕለቱን ብቻ ብታስቀምጡ ይሻላል።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ እንደ እናቴ ግቢ ልጁን ገባ ብሎ የሚያይ ዘመድ አልነበረም፤ ሆኖም ፊት ለፊታችን የሚኖሩ አንዲት እማማ ቀን ቀን በራችንን እያንኳኩ ይጠይቁልኝ ነበር፤ ይህንንም ውለታቸውን ሁልጊዜ አስበዋለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ግን ወተት የማልብበት አንዲት የምትዘጋ ክፍል እንኳ አላገኘሁም፤ አሠሪዎች ቢያንስ ይህችን እንዲያመቻቹልን አጥብቄ እጠይቃለሁ።