ጉንፋን ሌላ፣ ትኩሳት ሌላ
አንድ ወንድም "ለትንሽ ሕመም ሁሉ ሐኪም ቤት አትሩጡ" ብሎ ጽፏል፤ ይሄ ለጉንፋን ልክ ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት ስለሆነ አይነካውም። አፍንጫው ስለፈሰሰ ብቻ ፋርማሲ ገብቶ "ጠንከር ያለ ስጡኝ" የሚል ሰው ሳይ በጣም ያናድደኛል። እረፍት አድርጎ ትኩስ ነገር ቢጠጣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ በ10 ቀን ይለቀዋል። ግን "ትኩሳትም ቢሆን ተኝቶ ማሳለፍ ነው" ያልከው ወንድሜ፣ እዚህ ባሕር ዳር ይሄ አይሠራም። ጣና ዳር ወባ አለ። በተለይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም መመርመር ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ፋታ አይሰጥም። ጣት ተወግቶ የሚታየው ምርመራ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።